ጥንታዊ መባል ብቻውን አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፣

አራቱን ወቅቶች በግሪክና በሮም አማልክት አምሳል ስለሚያሳዩ ጥንታዊ የዝሆን ጥርስ ምስሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ጥበቡ በተባለው እስማማለሁ፤ ዕድሜ ያላቸውን እየገዙ መሰብሰብ ጉዳት እንደሌለው የሚገልጸው ክፍል ግን መታረም ይገባዋል እላለሁ።

ከ1689 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድሬስደን ቤተ መንግሥት ቀራፂ የነበረው ባልታዛር ፐርሞዘርም ሆነ የፈረንሳይ ወደብ የሆነችው የዲየፕ ባለሙያዎች እነዚህን ምስሎች ሠርተዋል። ፀደይ አበባ የያዘች ፍሎራ፣ በጋ የስንዴ ነዶ ያቀፈች ሴሬስ፣ መኸር የወይን ዘለላ የጨበጠ ባከስ ሲሆኑ፣ ክረምት ደግሞ (የእነርሱ ክረምት የዝናብ ሳይሆን የውርጭ ነውና) ብዙ ጊዜ ካባ የደረበ ሽማግሌ ሆኖ ይቀረጻል። የዝሆን ጥርስ ከሥሩ በኩል ክፍት፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚታጠፍ በመሆኑ ቀራፂው የምስሉን አቋቋም ከጥርሱ ጋር ማስማማት ነበረበት፤ ስለዚህ ፍሎራ ወገቧን ሰበር አድርጋ ስትቆም ብዙ ጊዜ የምትከተለው የጥርሱን ጉብጠት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ የሚታየኝ ዝሆኑ ነው።

ዕድሜ ደግሞ በቀላሉ ይጭበረበራል። በቅርቡ ከተገደለ ዝሆን የተወሰደ ጥርስ በሻይ ተነክሮ ሲጠይም ዓይን የመቶ ዓመት ዕቃ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ የካርቦን ምርመራ ቢለየውም ከምስሉ ላይ ናሙና መውሰድ ስለሚጠይቅ ሻጭ በፈቃዱ የሚያደርገው አይደለም። ብሪታንያ በ2018 ባወጣችውና ከሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መሠረት፣ ሙሉ በሙሉ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ እንዲህ ያለ ምስል ለታወቀ ሙዚየም ካልሆነ በቀር የሚሸጠው ከ1918 በፊት የተሠራና እጅግ ከፍ ያለ የጥበብ ዋጋ ያለው መሆኑ በምስክር ወረቀት ሲረጋገጥ ነው። በዚያ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሳይነገር መቅረቱ ቅር አሰኝቶኛል።

አገራችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በጉለሌ ያቃጠለችው ገበያው እንዲዘጋ ብላ ነው። የፐርሞዘር ሥራዎች በሙዚየም ይኑሩ፤ ሊጠፉ አይገባም። እናንተ ግን ስለ ሽያጭ ስትጽፉ ዕቃው ስለሚያስፈልገው ማስረጃ አብራችሁ እንድትገልጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ