ለኢንሱሊኑም ለፍሪጁም ለሰጣችሁ ሁሉ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በየገጠሩ ላላችሁ የቅሬ (የእድር) አባላት፣ ነጋዴዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ባሕር ማዶ ሆናችሁ ወሎን ላልረሳችሁ ወገኖቻችን፤

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የመድኃኒት መደርደሪያዎች ባዶ ቀርተዋል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ መንገድ እስኪከፈት ልጠብቅ አይልም። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት፣ ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማይሠራለት ልጅ መድኃኒቱ ከተቋረጠበት በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ እየሆነ ለሞት ይቀርባል። ከዚያ ወዲህ ያለ ትርፍ የምንሰጠው የስኳር ህሙማን ክትትል የቆመው በእናንተ እጅ ነው።

ገንዘባችሁ ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ ይገባችኋል። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ የኢንሱሊን ብልቃጥ 1,000 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ይይዛል። በቀን 20 ዩኒት ለሚወስድ ሰው በሂሳብ 50 ቀን ይበቃል። ነገር ግን ከተከፈተ 4 ሳምንት ገደማ ሲያልፈው ኃይሉ አያስተማምንምና በየወሩ አዲስ እንሰጣለን። የተረፈው ሲጣል ብክነት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም።

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ከሙቀት ይልቅ የምንፈራው በረዶን ነው፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ሲቀልጥ ደህና ቢመስልም ተበላሽቷል፣ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ በሚገባው ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካ በመካከሉ ካርቶን ይደረጋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ብልቃጡ በላስቲክ ይጠቀለልና በትንሽ ሸክላ ማሰሮ ይገባል፤ ትንሹ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አሸዋ ጥላ ሥር ሆኖ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል።

ይህን ቤት ለቤት የምታሳየው ነርስ ደመወዝ፣ የባጃጁ ሂሳብ፣ የፍሪጁ ጥገና፣ ቴርሞሜትሩ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። መድኃኒት ለመግዛት የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ለነዳጅና ለጥገና የሚሰጥ ግን ጥቂት። «ለሚጎድለው አውሉት» ብላችሁ ዘካችሁን፣ ሰደቃችሁን፣ አስራታችሁን ያመጣችሁ፣ ሥራውን ያስቀጠላችሁት እናንተ ናችሁ።

በዓይነት ለላካችሁም፣ በተለይ ከመላካችሁ በፊት ለጠየቃችሁን፣ ምስጋናችን ብዙ ነው። የምንሰጠው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን የተሠራ ስሪንጅ መጥቶ ታማሚው እስከ 20 ምልክት ቢሞላው የሚገባው 50 ዩኒት ነው። ይህ ራስ ያስታል፣ ይገድላልም። የስኳር መለኪያውም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ስትሪፕ (የደም ጠብታ ተነክቶበት መለኪያው ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ለሌላው አይሆንም።

አሁን በጣም የሚያጥረን ስትሪፕ ነው። መላክ የምታስቡ የመለኪያውን ሞዴል አስቀድማችሁ ጠይቁን፤ እዚህ ሲደርስም አገልግሎት ማብቂያው ቢያንስ 1 ዓመት የቀረው ይሁን።

አላህ ይስጥልን። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የማኅበረሰብ ስኳር ክትትል ባልደረቦች
ደሴ