ዜሮውን አትደብቁብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐዋሳ ውስጥ የመጀመሪያ ሳይክል አስተማሪ ነኝ። ስለ ንባብ ምዘና የምለው አለኝ፣ በተለይ መዛኝ ሆናችሁ ልጅ ፊት ለምትቀመጡ ባልደረቦቼ።

በ2002 ዓ.ም. ኢግራ የምንለው የታችኛው ክፍል ንባብ ምዘና በአገራችን ሲካሄድ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ውጤታቸው ዜሮ ነበር። እዚህ ሲዳማ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ያስደነግጣል። ግን ሳይሸፋፈን ወጣ፣ ከዚያም የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ለንባብ ትኩረት ሰጥተው እንደገና ተዘጋጁ።

አሁን የምፈራው መሸፋፈኑን ነው። ምዘናው እኮ ለአንድ ልጅ ለብቻው ነው። ልጁ፣ መዛኙ፣ ወረቀቱ ወይም ታብሌቱ፣ 60 ሰከንድ፣ በቃ። የተሳሳተው ይሰረዛል። ልጁ ራሱ ካረመው ትክክል ይባላል። አንድ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ዝም ካለ «ቀጥል» ይባልና ፊደሏ እንደ ስህተት ትያዛለች። የመጀመሪያዎቹ አስር ፊደላት በሙሉ ከተሳሳቱ ያ የምዘናው ክፍል እዚያው ይቆማል፣ ልጁ ሳይሸማቀቅ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ «ጨ» ላይ ቆመች። መዛኟ የራሷ አስተማሪ ናት። «አይዞሽ፣ ትናንት ያየነው ነው» አለችና አፏን ለድምፁ አዘጋጅታ አሳየቻት። ልጅቷ ከንፈሯን አይታ «ጨ» አለች፣ ወረቀቱ ላይም ትክክል ተብሎ ተያዘ። እዝነቱ ይገባኛል፣ ልጅ ሲጨነቅ ማየት ለማንም ይከብዳል፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚረከባት አስተማሪ ይህቺ ልጅ ፊደሉን ታውቃለች ብሎ ያልፋታል፣ ማን ተመልሶ ያስተምራታል? ለምዘናው በዕጣ የተመረጠ ደካማ ተማሪ በዚያ ቀን «ቀርቷል» ተብሎ ጎበዙ ሲተካበትም ነገሩ ያው ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። 60 ቃል ያለውን ምንባብ በ50 ሰከንድ ጨርሶ 5 ቃል የተሳሳተ ልጅ ውጤቱ በደቂቃ 66 ቃል ነው፣ ምክንያቱም 55 ትክክለኛ ቃል ያነበበው በ50 ሰከንድ ነው። የተረፈችው 10 ሰከንድ ካልተመዘገበች 55 ይባላል። ፈጣኑን ልጅ በከንቱ 11 ቃል አስከፈልነው ማለት ነው።

ከልክ በላይ የሚጨክኑም አሉ። ጽሕፈታችን ጥብቀትን አያሳይም፤ ስለዚህ «ገና» የሚለው ቃል (በዓሉም «ገና ነው» የምንለውም አጻጻፋቸው አንድ ነው) ለብቻው ተጽፎ ሲመጣ ልጁ አጥብቆም አላልቶም ቢያነበው መታረም የለበትም። ቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ አነጋገሩ ከእኛ ለየት ስላለ ብቻ ቃሉን መሰረዝም በደል ነው። እባካችሁ የአማርኛውንና የሲዳምኛውን የቃል ብዛት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «እነዚህ በለጡ» አትበሉ። አንዱ በፊደል፣ ሌላው በላቲን ይጻፋል፣ የቃላቱም ርዝመት ለየቅል ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ይነጻጸር።

የክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶቻችንን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማንም አስተማሪ የራሱን ክፍል አይመዝን። መዛኞች ከመሰማራታቸው በፊት ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ልጅ ሲያነብ እየሰሙ፣ ለየብቻቸው ነጥብ ይስጡ፤ ቢያንስ ከመቶ 90 ካልተስማሙ ስልጠናው ይደገም። ልጁ የሚቀመጥበት ቦታ ባጃጅ ከሚጮህበት አስፋልት ይራቅ። ውጤቱም ለሪፖርት ብቻ ተጠርዞ ከሚቀመጥ፣ የትኛው ልጅ የትኛው ፊደል ላይ እንደተደናቀፈ የሚያሳየው ገጽ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ለክፍሉ አስተማሪ ይድረስ፣ በማግስቱ ከዚያው ፊደል እንድንጀምር።

አንዲት መምህርት፣ ከሐዋሳ