ለጠርሙስ ውሃ ብር አዋጡ ብንላችሁ እንዳትስቁብን

ሰላም ናችሁ ጎንደሬዎች፣ እዚህ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም። ከወዲሁ ልናገር፣ ብር ልጠይቃችሁ ነው፣ የኤምአርአይ ማሽን (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳው) የሚሰጠው ቁጥር ይታመን እንደሆነ ለመፈተሽ፣ ግን ለምን እንደሆነ አንብቡልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ ተገኝቶባት ኤምአርአይ ተነሳች፣ ህክምና ከጀመረች በኋላ ደግሞ ወረፋው አላደርስ ብሎን ሌላ ከተማ ሌላ ማሽን ላይ ተነሳች። ሁለቱንም ሲዲ ይዤ ሀኪሙ ጋር ስገባ እጢው ላይ የተለካው ቁጥር በሁለተኛው ላይ በ10 ፐርሰንት ገደማ ከፍ ብሏል፣ እኔም ደስ ብሎኝ "መድኃኒቱ ሰራ ማለት ነው አይደል ዶክተር?" ስለው ትንሽ ዝም ብሎ "ሊሆን ይችላል፣ ግን ማሽኑም ተቀይሯል እኮ፣ የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ" አለኝ። እናቴ አሁን ደህና ናት ተመስገን። እኔ ግን ሙያዬ ባዮሜዲካል ነውና ያቺ መልስ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ያ ቁጥር ኤዲሲ ይባላል። ዲፍዩዥን ኤምአርአይ የሚለካው በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደልቡ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሴል ጥቅጥቅ ያለበት እጢ ውስጥ ውሃው መፈናፈኛ ስለሚያጣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ መድኃኒቱ ሴሎቹን ሲገድላቸው ደግሞ ውሃው ይለቀቅና ቁጥሩ ይወጣል፣ ስትሮክም ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያዘው በዚሁ ነው። ታዲያ ቁጥሩ ማሽን በተቀየረ ቁጥር የሚዋዥቅ ከሆነ ምኑን እንመነው?

ገበያ ወጥታችሁ ጤፍ ስትገዙ ሚዛኑን ብትጠረጥሩ ኪሎው የሚታወቅ ነገር ታስቀምጡበት የለ? በቃ ፋንተም ማለት እሱ ነው፣ በሰው ፈንታ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ፣ ልኩ ቀድሞ የታወቀ ዕቃ። በጣም ርካሹ በረዶ ነው፣ አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ንፁህ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ኤዲሲው 0.0011 ሚሊሜትር ካሬ በሰከንድ ገደማ ነው፣ ቶኪዮም ሆነ ፒያሳ። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ባቄላ እንቢ የሚለንም ለዚህ ነው፣ በረዶ ግን ለከፍታ ግድ የለውም፣ እዚህም ዜሮ ላይ ነው የሚቀልጠው። በረዶ የሚያስፈልገው ሙቀት ነገሩን ስለሚያበላሸው ነው፣ ያው ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 0.0020፣ 25 ዲግሪ ላይ ደግሞ 0.0023 ይሆናል፣ ስለዚህ ክፍሉ ትንሽ ሞቅ ስላለ ብቻ ማሽኑን በሀሰት ልንከሰው እንችላለን።

ባለፈው ወር ሞክረነው ነበር። ከአንድ ጁስ ቤት በረዶ ለምነን በጨርቅ ጠቅልለን በዘነዘና አድቅቀን ትልቅ የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ሞላነው፣ መሃሉ ላይ የተጣራ ውሃ ያለበት ቱቦ ተከልን፣ ቅዝቃዜው እኩል እንዲሆን አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዛ በባጃጅ ጭነን ስንሄድ ኮብልስቶኑ አንገጫግጮት ቱቦው ውስጥ አረፋ ገባና ምስሉ ላይ ዓይን የሚያህል ጥቁር ቀዳዳ ወጣ። አረፋውን አራግፈን እንደገና ልናነሳ ስንል መብራት ጠፋ። የሌሊቱ ተራችን እንደዛው አለቀ።

አሁን በወጉ ልንሰራው ነው። ፒቪፒ የሚባል ዱቄት አለ፣ ክኒን ለማያያዝ የሚጠቀሙበት፣ ውሃ ውስጥ ስትበጠብጡት ኤዲሲው እየወረደ ወደ ሰው ሥጋ ይጠጋል። ከባዶ ውሃ ጀምሮ 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ፐርሰንት፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ባጠቃላይ 12 ጠርሙስ። ሁለት ያልነው አንዱ መሃል አንዱ ዳር እንዲቀመጥ ነው፣ ምክንያቱም ከማሽኑ መሃል በራቃችሁ ቁጥር ግራዲየንቱ፣ ማለትም ማሽኑ የውሃውን እንቅስቃሴ የሚለካበት ከቦታ ቦታ የሚለያይ የማግኔት ጉልበት፣ ስለሚዛባ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል። አስገብተን እናነሳለን፣ ሳንነካው እንደገና እናነሳለን፣ አውጥተን መልሰን አስገብተን እናነሳለን፣ በሳምንቱ ተመልሰን ያንኑ እንደግማለን። ሳይነካ የሚለዋወጠው የማሽኑ ኖይዝ፣ የራሱ የማይቀር መዋዥቅ፣ ነው፣ ወጥቶ ሲገባ የሚጨመረው የአቀማመጥ ነው፣ በሳምንት ውስጥ የሚሸሸው ደግሞ ወይ ማሽኑ ነው ወይ ሙቀቱ፣ ለዛ ነው ቴርሞሜትር ላይ አንቆጥብም ያልነው። ጠርሙስ አይተነፍስም፣ ጭንቅላቱን አያዞርም፣ ስለዚህ ሰው ላይ ልዩነቱ ከዚህ ይብሳል እንጂ አያንስም። ቢያንስ የማሽኑን ድርሻ እናውቀዋለን።

የሚያስፈልገን 140 ሺ ብር ነው፣ እስካሁን ከኪሳችንና ከእቁባችን 38 ሺ አለን። ትልቁን የሚበላው የማሽን ሰዓት ኪራይ ነው፣ ሌሊት ታካሚ ሲያልቅ ነው የምንገባው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ፋንተም በዶላር ስለሆነ እሱን ትተነዋል። ጠርሙሶቹ የአንድ ቦታ ንብረት አይሆኑም፣ ማሽን ያለው ሁሉ በተራ እየወሰደ ይለካባቸዋል፣ ውጤቱንም መጀመሪያ የምንሰጠው ለባለማሽኑ ነው፣ ማንንም ማሳጣት አንፈልግም፣ ማሽኑን የሚያስተካክለው እሱ ነዋ።

ሀምሳ ብርም ይሁን፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ ቴሌብሩን እልካለሁ፣ ደረሰኙንም በየሳምንቱ እለጥፋለሁ። ክዳኑ የማያፈስ ተመሳሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ 12 ያለው ሰውም ይጻፍልኝ፣ ብረት ያለበት ግን አይሆንም። ጁስ ቤት ያላችሁ ብሩን ተዉት፣ በረዶ ስጡን። ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ንዱልን።