«ብርድ ነው» እያልን ጆሮ አናጥፋ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ታላቅ እህቴ አንድ ጠዋት ስልኳን ግራ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ይሄ ስልክ ተበላሸ መሰለኝ» አለችኝ። ወደ ቀኝ ስታዞረው ግን ጥርት ብሎ ይሰማታል። ግራ ጆሮዋ ነበር የሄደው።

ጎረቤት «ብርድ ነው» አለን። ጤና አዳም በዘይት ሞቅ ተደርጎ ተንጠባጠበላት። ቀጥሎ ክሊኒክ ሄድን፤ ጠብታ ታዘዘ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጠብታ። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ሞላን። እህቴ ቡና ስታፈላ ሌላ ሥራ እየሠራች፣ ጀበናው ሲንተከተክ ሰምታ ነበር የምታወርደው። አሁን ቡናው እየገነፈለ ከሰሉን ያጠፋ ጀመር። ቀኙም እየደከመ መሆኑ የገባን ያኔ ነው።

የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ በዚህ ሁኔታ ደረስን። ሐኪሙ ሹካ የመሰለች ብረት መታ አድርገው ግንባሯ መሃል አስቀመጡና «ድምፁ በየት በኩል ይሰማዎታል?» አሏት። «በቀኝ» አለች። ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወደ ታመመው ወደ ግራ ያደላ ነበር አሉን። ወደሚሻለው ካደላ ችግሩ የውስጥ ጆሮ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ሁለት ወር ፈጅተናል።

ከመስማት ምርመራና ከደም ምርመራ በኋላ የተነገረን ነገር አስደነገጠን። ጆሮዋን የሚያጠቃው የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነው። የውስጥ ጆሮ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ ክፍል አለው። እዚያ ውስጥ 15 ሺህ ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከደም የሚለየው አጥር ጠንካራ ስለሆነ፣ የሰውነት መከላከያ እዚያ ድረስ አይገባም ብለው ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ያምኑ ነበር። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ብራያን ማክኬብ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የ18 ሕመምተኞችን ታሪክ አወጡ። ጆሯቸው በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየደከመ የሄደ ሰዎች ነበሩ፤ መከላከያውን የሚያረግብ መድኃኒት ሲወስዱ ግን መስማታቸው ተሻሻለ።

እህቴም ፕሬድኒሶሎን የተባለ፣ መከላከያውን የሚያረግብ መድኃኒት ጀመረች። ቀኙ ጥሩ አድርጎ ተመለሰ። ግራው አልተመለሰም።

የእህቴ ዓይነት በሽታ ብዙ ሰው ላይ አይታይም። በአንድና በሁለት ቀን ድንገት መደንቆር ግን ከዚያ ይበዛል፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ ባይታወቅም መድኃኒቱ ያው ነው፣ ይበልጥ የሚረዳውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲጀመር ነው። ይህን ያነበበ ሰው ግን ፋርማሲ ሮጦ እንዳይገዛ እለምናለሁ። ስኳርና ደም ግፊት ያንራል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ሐኪም ሳያይ የሚዋጥ አይደለም።

ጆሮን ስለሚያጠፋ ሌላ በሽታ፣ ስለ ማጅራት ገትርም ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ተህዋሲው ከአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ጆሮ ይሻገራል፤ እዚያ የሚነሳው ብግነትም እነዚያን ሕዋሳት ይጨርሳል። ጠባሳው ቆይቶ አጥንት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ። ያኔ ሰው ሠራሽ የመስሚያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ለማስገባት እንኳ ቦታው ይዘጋል። ልጁ ከሞት ተርፎ ቤት ይገባል፣ እኛም ተመስገን እንላለን። ሲጠሩት ዝም ሲል ደግሞ «ሕመሙ አፈዘዘው»፣ «እልኸኛ ሆነ» ይባላል። ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልሆነም በሳምንታት ውስጥ ጆሮው መመርመር አለበት። ወላጆች፣ ማንም ባይነግራችሁ እንኳ ራሳችሁ ጠይቁ።

አዘጋጆች፣ በጤና ዓምዳችሁ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ጋብዙልን። ለጤና ኃላፊዎችም አንድ ጥያቄ አድርሱልኝ። ያቺ ሹካ መሳይ ብረት መብራት አትፈልግም፣ ባትሪ አትፈልግም፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ በሄድንባቸው ሁለት ቦታዎች ግን ያወጣት ሰው አልነበረም። በየጤና ጣቢያው እንድትኖር፣ ባለሙያዎቹም እንዲጠቀሙባት ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ