ዳማውን ከመሸጥዎ በፊት

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቨርጂኒያ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንዴት አለፈ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ባለቤቴና ልጆቹም ከልብ የመነጨ ሰላምታቸውን ያቀርቡልዎታል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ታላቅ ወንድሜ ሰሞኑን በስልክ ያጫወተኝ ነገር ስላሳሰበኝ ነው። ጉልበትዎ እርካብ አልረግጥ ካለዎት ወዲህ ዳማ ፈረስዎን ወደ እንጅባራ ገበያ አውርደው ለመሸጥ እንዳሰቡ፣ «የማይጋለብ ፈረስ ዕዳ ነው» እንዳሉም ነግሮኛል። የግጦሹ መሬት ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ከተያዘ በኋላ ድርቆሽ መግዛት እንደከበደዎት፣ የመንደሩ ልጆችም ከፈረስ ይልቅ ባጃጅ እንደሚመኙ አክሎ አስረዳኝ። ነገሩ ሁሉ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። በስልክ እንዳላነጋግርዎት መስመሩ እየተቆራረጠ አያስጨርሰንም፤ ስለዚህ ሐሳቤን በሙሉ በጽሑፍ አስረድቼ፣ ውሳኔዎን ቢያንስ እስከ ጥር ጊዮርጊስ እንዲያቆዩልኝ ልለምንዎት ወሰንኩ።

የልጅ ልጅዎ ፈረስ እንደምትማር ያውቃሉ፤ የምትማርበትን ቦታ ግን በቅጡ ገልጬልዎት አላውቅም። ከዋሽንግተን በስተ ምዕራብ ላውደን የሚባል አውራጃ አለ። ሚድልበርግ ከተባለችው ትንሽ ከተማ ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኝ በድንጋይ ካብና በእንጨት አጥር የተከፋፈለ መስክ ነው፤ በየመስኩም ፈረስ ይግጣል። የቨርጂኒያ ሰው ከጥንት ጀምሮ ፈረስ አርቢ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ኒውዮርክ ውስጥ በተደረገው የቤልሞንት ውድድር ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ የገባው ዝነኛው ሴክሬታሪያት የተወለደው በዚሁ ግዛት ነው። እርሱም እንደ እርስዎ ፈረስ ዳማ ነበረ። እርስዎ ቢያዩት ኖሮ ስለ ደረቱ ስፋት ብቻ አንድ ምሽት ሙሉ ያወሩ እንደነበር አልጠራጠርም።

የልጅ ልጅዎ የምትማርበት ቤት የአንድ ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስቱ በዕድሜ ከእርስዎ ብዙም አይርቁም፤ ሴት ልጃቸው ታግዛቸዋለች። ከፈረሶቹ ጥቂቶቹ ለማስተማሪያ የሚሆኑ የራሳቸው ናቸው፤ የቀሩት ግን የሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እኛም ባዝራችንን ያሳደርነው ከእነዚህ ጋር ነው። አንድ ጊዜ «ፈረስን በሰው ጋጣ አሳድሮ ወር በመጣ ቁጥር መክፈል ምን የሚሉት ባለቤትነት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ዕለት የመለስኩልዎት በአጭሩ ነው፤ አሁን በዝርዝር ልመልስልዎት።

እዚህ እኛ የምንኖረው በፎቅ ላይ፣ በኪራይ ቤት ነው፤ ፈረስ የሚወድ አብዛኛው ሰውም እንደኛው መሬት የለውም። መሬትና ጋጣ ያለው ቤተሰብ የሌላውን ፈረስ ተቀብሎ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ጋጣ ይጠርጋል። ፈረሱ ሌሊት በጋጣ እንዲያድርለትና ሁሉም ነገር እንዲደረግለት የሚፈልግ ሰው በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ሊከፍል ይችላል። የእኛዋ ባዝራ ከመጠለያ ጥላ በቀር ቀንም ሌትም በመስክ ላይ የምትኖር ስለሆነች ክፍያዋ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔ መንሽና የእጅ ጋሪ ይዤ ጋጣ ስለምጠርግ ከሒሳቡ ይቀነስልኛል። ከሣሩና ከጥላው ይልቅ እኔ ዋጋ የምሰጠው በቀን ሁለት ጊዜ ፈረሷን ቆሞ ለሚያያት ሰው ነው።

ይህን ማየት እንዴት እንደሆነ ልግለጽልዎት። ሴትዮዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። በጋጣዎቹ መተላለፊያ የእያንዳንዱ ፈረስ ስም፣ የድርቆሹ መጠን፣ መድኃኒት ካለውም መድኃኒቱ የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እርሳቸው ግን ሰሌዳውን ከማንበባቸው በፊት ፋንድያውን ያያሉ። ከትናንቱ አንሷል ወይ? ደርቋል ወይስ ላልቷል? ቀጥሎ የውኃው ባልዲ ምን ያህል እንደጎደለ ይመለከታሉ። ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው ከጉልበት እስከ ኮቴ በባዶ እጃቸው እየዳበሱ ይወርዳሉ፤ አንዱ እግር ከሌላው ሞቆ ከተገኘ ያ ፈረስ የዚያን ዕለት አይጫንም። እርስዎ በልጅነታችን ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ በረት ወርደው ያደርጉት የነበረው ይኸው አልነበረምን? እኔ እጃቸውን ባየሁ ቁጥር የማስበው የእርስዎን እጅ ነው።

አምና በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ባዝራችን ድርቆሿን ሳትጨርስ አገኟት። ሌላ ምልክት አልነበረባትም፤ ቆማለች፣ ጆሮዋንም ታንቀሳቅሳለች። ሴትዮዋ ግን ጆሯቸውን ከጎኗ ላይ ለጥፈው በግራም በቀኝም አዳመጡና በአንደኛው በኩል የአንጀቷ ድምፅ እንደጠፋ አወቁ፤ በመንጋጋዋ ሥር ጣታቸውን አኑረው የልብ ምቷን ቆጠሩ፤ ወዲያውኑ ሐኪም ጠሩ። ፈረስ የበላውን ማስመለስ የማይችል እንስሳ በመሆኑ የሆድ ቁርጠት ሲይዘው የሚያተርፈው ቶሎ መታየቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቶ ውኃና ዘይት ሰጣት፤ እስከ ማታም ተሻላት። ያንን ያልተበላ ድርቆሽ የሚያይ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ እርሷ አልጽፍልዎትም ነበር። የምንከፍለው ለዚህ ነው፤ ሳልሳሳም እከፍላለሁ።

ሌላም የሚያስደንቅዎት ነገር አለ። በበጋቸው ወራት ማታ ማታ የጋጣውን መብራት ሁሉ ያጠፋሉ። ምክንያቱም በአቅራቢያችን የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ ስሙን የሰጠው የፈረስ ትኩሳት አለ፤ በሽታው ከውኃ የሚወጡ በራሪ ነፍሳት ከሣር ወይም ከውኃ ጋር ሲዋጡ ይተላለፋል፤ ነፍሳቱን ደግሞ መብራት ይጠራቸዋል። በእኛ አገርም ከክረምት በኋላ ፈረስ የሚፈጀው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚመጣው በሌሊት ከምትነክስ ደቃቅ ዝንብ ነው። ስለዚህ ዳማው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ቢገባ፣ ጠዋትም ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ቢወጣ ይበጀዋል። ክትባቱ እዚያው አገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ስለሚመረት፣ ወንድሜ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም እንዲጠይቅ አደራ ብየዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የቤቱ አባወራ ከፈረስ ወርደው ከቀሩ ዓመታት አልፈዋል። የዳሌ መገጣጠሚያቸው በቀዶ ሕክምና ተቀይሯል፤ ያለ ምርኩዝም አይራመዱም። ሆኖም ከቤተሰቡ ሁሉ የተፈለጉት አስተማሪ እርሳቸው ናቸው። በአሸዋ በተሞላው ክብ ሜዳ መካከል ወንበር ያስቀምጡላቸዋል፤ ከዚያ ሆነው ያስተምራሉ።

ጀማሪ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ፈረስ ላይ አይወጣም። የፈረሱን ትከሻ እያሻሸ መቅረብን፣ ከኋላ አለመምጣትን፣ ኮቴ አንሥቶ ከተረከዙ ወደ ጫፉ ጭቃና ጠጠር ማውጣትን፣ በኮቴው መካከል ያለችውን ለስላሳ ሦስት ማዕዘን አለመጉዳትን ይማራል። ልጄ ይህን ስትማር «መቼ ነው የምጋልበው?» ብላ አልቅሳ ነበር። ቀጥሎ ሽማግሌው ፈረሷን በረጅም ገመድ እያስዞሩ፣ ልጅቷን ያለ ዛብና ያለ እርካብ አስቀምጠው ሚዛኗን እንድትጠብቅ አደረጉ። ዛብ ከመያዟ በፊት መቀመጥ መቻል እንዳለባት፣ አለበለዚያ በፈረሱ አፍ ላይ እንደምትንጠለጠል ነገሯት። አንድ ቀን ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ድንገት ንግግራቸውን አቋርጠው «አቁሚ፣ የፊት ግራ እግሩን እዪ» አሏት፤ ኮቴው ውስጥ ጠጠር ተሰክቶ ተገኘ። ዞር ብለው አላዩም፤ የሰሙት ድምፁን ነው። ሶምሶማ ሁለት ምት ነውና አንዱ ምት ሲጎድል ጆሯቸው ይለየዋል።

አባቴ፣ እኚህን ሰው ባየሁ ቁጥር «አባቴ ከእርሳቸው በምን ያንሳል?» እላለሁ። እርስዎ የፈረስን ሐሳብ ከጆሮው ያነብቡ ነበር፤ ለጉግስ የሚሆነውንና የማይሆነውን በአረማመዱ ይለዩ ነበር፤ እኛን በባዶ እግራችን፣ የእርካቡን ቀለበት በአውራ ጣታችን አስይዘው ቁልቁለት ያስወርዱን ነበር። ማታ በእሳት ዳር ደግሞ የቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ የምኒልክን አባ ዳኘው፣ የአሉላን አባ ነጋ እያሉ ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ያስጠኑን ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራን በፈረሰኛ የሚሞላው፣ የዓድዋንም ፈረሶች የሚያስታውሰው፣ እንደ እርስዎ ያሉ አባቶች ለልጅ ስላስተማሩ ነው። ይህ ሁሉ እውቀት ጉልበት ስለታመመ ብቻ ከፈረሱ ጋር ገበያ ሊወርድ አይገባም።

ዕድሜውንም ያስቡት። ዳማው ገና 13 ዓመቱ ነው፤ በደንብ የተያዘ ፈረስ ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። እዚህ ልጆች የሚማሩባቸው ፈረሶች ብዙዎቹ ከ20 ዓመት ያለፉ ናቸው፤ ብዙ ያየ ፈረስ ልጅ ሲፈራም ሲሳሳትም ስለሚታገሥ ለማስተማር ከወጣቱ ይመረጣል። ገበያ ላይ ግን ጋሪ የሚያስጎትት ሰው ይገዛዋል፤ ያ ጀርባ ገጣባ ሆኖ ማየት ለእርስዎም ለእኔም ከባድ ነው።

ስለዚህ የማቀርብልዎት ሐሳብ ይህ ነው። እዚህ ለባዝራዋ እንደምከፍለው ሁሉ እዚያም ለዳማው እኔ ልክፈል። ጎረቤት ካሉት ወጣቶች እርስዎ የሚያምኑትን አንዱን ይምረጡ፤ በወር ደመወዝ ይቆረጥለትና ጠዋትና ማታ ያብላ፣ ያጠጣ፣ በረቱን ይጥረግ፤ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዘዙት። የጥቅምትና የኅዳር ሣር ሲታጨድ ለዓመት የሚበቃ ድርቆሽ በአንድ ጊዜ ተገዝቶ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ቢከመር፣ በግንቦት ዋጋው ሲወደድ አንቸገርም። የሻገተውን ግን ቢራብም እንዳይሰጡት፤ ሆዱንም ሳንባውንም ይጎዳል።

ከዚያ የወንድሜ ልጆችና ጓደኞቻቸው ቅዳሜና እሑድ ወደ እርስዎ ይምጡ። በክፍያ ይሁን አላልኩም፤ እንደ ወደዱ ያድርጉት። ስለ ልጓሙ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የአገራችን ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ ቀለበት ስላለው ያልለመደ እጅ ከሳበው አፍ ያቆስላል። ለልጆቹ የሚሆን፣ በመካከሉ የሚታጠፍ ቀለል ያለ ልጓም ገዝቻለሁ፤ ለገና ወደ አገር ቤት ከሚመጣ ጓደኛዬ ጋር ከሦስት የራስ መከላከያ ቆቦች ጋር እልክልዎታለሁ። ቆቡን ሳያጠልቅ ማንም ልጅ እንዳይወጣ። «እኛ ያለ ቆብ አድገናል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእርስዎ ዘመን ከፈረስ ወድቀው ያልተነሡትን ልጆች ስም የነገሩኝም እርስዎ ነዎት።

የዘንድሮውን ጥር 23 ዳማውን የታላቅ ወንድሜ የበኩር ልጅ ይጋልበው። ግላሱንና ኮርቻውን እርስዎ ይጫኑለት፤ ጠፍሩን አጥብቀው ይሰሩለት፤ አረማመዱን ሜዳው ዳር ተቀምጠው ይዩለት፤ ያጎደለውን ማታ ይንገሩት። እርሱ እሺ ብሏል፤ የእርስዎን ፈቃድ ብቻ ይጠብቃል።

የመጀመሪያውን ሦስት ወር ደመወዝና የድርቆሹን ገንዘብ ለወንድሜ ልኬአለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በእጅዎ ይሰጥዎታል። ድርቆሹ ከመወደዱ በፊት መግዛት ስላለብን መልስዎን እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በእርሱ በኩል ያድርሱኝ። ሐሳቤ ካልተስማማዎት ደግሞ ምክንያትዎን ይንገሩኝ፤ አዳምጣለሁ። ለጉልበትዎ የታዘዘውን መድኃኒት አያቋርጡ፤ ለእናቴም እጅ ነሥቻለሁና ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ