የድንጋይ ብናኝ የሚጠጡት ወጣቶች

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ወደ ሥራዬ ስወርድ በየጠዋቱ የማየው ነገር አላስችል ብሎኝ ነው የምጽፈው። የእግረኛ መንገድ ንጣፍ የሚቆርጥ አንድ ወጣት ማሽኑ በጮኸ ቁጥር በነጭ ብናኝ ይሸፈናል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። አፉ ላይ ያሰረው የነጠላ ቁራጭ ነው። አጠገቡ ቡና የምታፈላው ሴት ስኒዎቿን በጨርቅ ትሸፍናለች። ሳንባዋንስ በምን ትሸፍነው?

ክፉው በዓይን የሚታየው አቧራ አይደለም። ከድንጋይና ከኮንክሪት የሚወጣው እጅግ የላመ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ጠባሳ ይተዋል፤ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፣ የማይድን ነው፣ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። መከላከያው ግን ብርቅ አይደለም፦ ሲቆረጥ ውኃ ማፍሰስና ብናኝ የሚያጣራ መሸፈኛ መስጠት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል።

የሥራ መሪውን ብጠይቀው «ይለምዱታል» አለኝ። የሚመለከታቸው ተቆጣጣሪዎች እባካችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በእግራችሁ እለፉ፤ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ አይታይም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ