ዛትን ማን ጠራት?

ሚሚ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

አክስትሽ ደውላ የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) ውጤትሽን ነገረችኝ። ጽሑፉ 5.5 መጣና ምግብ ትተሽ ተኝተሻል አለች። ለእኔ መደበቅሽ ቢያናድደኝም፣ የልምምድ ጽሑፍሽን በቴሌግራም ስትልክልኝ ንዴቴ ወደዚያ ዞረ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ልጅ «አይ ዋዝ ቬሪ ታየርድ ዛት አይ ኩድንት ስታዲ» (I was very tired that I couldn't study) ብላ ትጽፋለች? ቬሪ ዛትን አይጠራም፤ ከኋላው አያስከትላትም! ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነግሬሻለሁ።

ከየት እንደመጣብሽ አውቃለሁ። እኛ «በጣም ከመድከሜ የተነሳ ማጥናት አልቻልኩም» እንላለን፤ ያንን «በጣም» ይዘን ስንሻገር ቬሪ ትቀድመናለች። ቬሪ ግን መጠኑን ተናግራ ዝም ነው። መጠኑ ያስከተለውን ልትነግሪ ከፈለግሽ ሶ በይ፦ «ሶ ታየርድ ዛት አይ ኩድንት ስታዲ»፣ «ሶ ኩዊክሊ ዛት...»። ስም ካለበት ሰች፦ «ሰች ኤ ኮልድ ናይት ዛት...»። ቱ ደግሞ ዛትን ጭራሽ አታስጠጋም፤ «ቱ ታየርድ ቱ ስታዲ» ነው የሚባለው። (በእኛ ፊደል ሁለቱም ቱ መሆናቸው ነው ጉዱ። ፊተኛዋ በሁለት ኦ የምትጻፈው ናት።)

አሁን እንደ ልማድሽ «አባዬ፣ ‹ቬሪ ግላድ ዛት ዩ ኬም› ይባል የለም ወይ?» ትይኛለሽ። ይባላል። እዚያ ግን ዛትን የጠራት ግላድ ነው። ግላድ፣ ሶሪ፣ ሹር፣ አፍሬድ፣ አዌር፣ እነዚህ ቅጽሎች ዛትን በራሳቸው ይጠራሉ፤ የተደሰትሽበትን፣ የምትፈሪውን፣ የምታውቂውን ታመጣላቸዋለች። ቬሪን ብትሰርዢያት ዓረፍተ ነገሩ ንቅንቅ አይልም። በታየርድ ሞክሪው እስቲ!

ይበልጥ የሚያሳስተው ሶ ሲገባበት ነው። «አይ ዋዝ ሶ ግላድ ዛት ዩ ኬም» ሲል የሰውየው መምጣት የደስታው ምክንያት ነው። «አይ ዋዝ ሶ ግላድ ዛት አይ ክራይድ» ሲል ደግሞ ለቅሶው የደስታው ውጤት ነው። ከፊተኛው ሶን ብታወጪ ምንም አይጎድልም። ከኋለኛው ካወጣሻት ግን በማልቀስሽ የተደሰትሽ ሆነሽ ታርፊያለሽ።

ይህን ያሳየን ያ ህንዳዊ መምህራችን ነው፤ ስለ እሱ ሳወራ መሰላቸትሽን አውቃለሁ። ያን ጊዜ በየአውራጃው ህንዶች ያስተምሩ ነበር። አገሩ ሊገባ ሲል አድራሻውን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፎ «ጻፍልኝ» አለኝ። ስንቴ ጀመርኩ መሰለሽ። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ቀይ እስክሪብቶው ይታየኛል፣ ወረቀቱን እቀድደዋለሁ። አስተማሪ ሆኜ ያለ ስጋት መጻፍ ስጀምር ደብተሩን ብፈልገው አያትሽ እሳት አያይዛበታለች። እሷን ምን እላታለሁ፣ ፊደል አልቆጠረች። ዛሬም ድረስ ስሙ እንጂ አድራሻው ትዝ አይለኝም። በሕይወት ይኑር አይኑርም እንጃ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ለሁለቱ ጽሑፎች ያለሽ 60 ደቂቃ ነው። ባለ 250 ቃሉ የመጀመሪያውን እጥፍ ነጥብ ስለሚይዝ 40ውን ደቂቃ ለእሱ ስጪ። ሲያልቅ ዛት ያለችበትን ሁሉ እየፈለግሽ ማን ጠራሽ በያት። ጠሪ ከሌላትና ፊቷ ቬሪ ከቆመች፣ ቬሪን ሰርዘሽ ሶ አድርጊ። ፈረንጆቹ ሲያወሩ ዛትን ዋጥ እያደረጉ «ሶ ታየርድ አይ ስሌፕት» ይላሉ፤ አንቺ ለፈተና ስትጽፊ አትዋጪያት።

እባክሽ ብዪ። ባዶ ሆድ ሰዋስው አይገባውም። ሽሮና በርበሬ በቅዳሜው አውቶብስ ልኬያለሁ፤ የሽሮው ክዳን ስለላላ በፌስታል አስሬዋለሁ፣ እንዳትዘቀዝቂው። የድጋሚ መመዝገቢያውን በቴሌብር አስገባልሻለሁ፣ ከአክስትሽ እንዳትበደሪ። እስከ እሁድ አስር ዓረፍተ ነገር ላኪልኝ፦ አምስት በሶ፣ አምስት በግላድና በቢጤዎቹ። ስህተት ቢኖረውም ላኪው። ቬሪ ዛትን እንደማትጠራ ግን አደራ!

አባትሽ

እናትሽ ስልክሽን አንሺ ብላለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውላለች።